ፊልም ኗር፦ በስደተኞች እጅ ያደገው የጥላ ፊልም ለገዳሪፍና ለድንበሩ ወጣቶች ምን ያስተምራል?

ገዳሪፍ ላይ መብራት ሲጠፋ ከተማዋ ሙሉ በሙሉ አትጨልምም። ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች ከሰል ከሩቅ ይታያል። የራክሻ መብራት የመንገደኛውን ጥላ ግድግዳ ላይ አስረዝሞ ያልፋል። ጄኔሬተር ያለው ባለ ሱቅ በሩ ላይ አንድ አምፖል ያንጠለጥላል። ራኩባ በሚባለው የሣር ዳስ ሥር የተቀመጠ ሰው ፊቱ የሚታየው በስልኩ ብርሃን ብቻ ነው።

እንዲህ ያሉ ምሽቶች በምሥራቅ ሱዳን በዝተዋል። ጦርነቱ ሚያዝያ 2023 (እአአ) ከተቀሰቀሰ ወዲህ ከካርቱም፣ ከጀዚራና ከሰናር ግዛቶች የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ ገብተዋል። በጥር 2025 ደግሞ በግዛቲቱ የሚገኘው የሸዋክ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ በድሮን ተመትቶ አካባቢው መብራት አጥቶ ነበር። ከእነዚህ ተፈናቃዮች ቀደም ብሎም፣ ከኅዳር 2020 ጀምሮ፣ የትግራይን ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፍረዋል። ኡም ራኩባ በ1980ዎቹም ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ያስጠለለ ስፍራ ነው።

በዚህ አካባቢ ፊልም መሥራት የሚማር፣ በእጁም ከስልክና ከአንድ በቻርጅ የሚሠራ መብራት በቀር ምንም የሌለው ወጣት ጨለማውን እንደ እንቅፋት ብቻ ሊያየው ይችላል። ሆኖም ከሰማንያ ዓመት በፊት የተወለደ አንድ የፊልም ስልት ጨለማን ዋና መሣሪያው አድርጎ ተነሥቷል። ስልቱ “ፊልም ኗር” ይባላል።

ብዙ ተመልካች ፊልም ኗርን የሚያውቀው በባርኔጣው፣ በረጅሙ ካፖርትና በሲጋራ ጭሱ ነው። እነዚህ ግን የዘመኑና የአገሩ ልብሶች ናቸው። ከልብሱ ሥር ያሉት ስደት፣ የቁሳቁስ እጥረትና ፍርሃት ናቸው። በስልቱ ለመጠቀም የሚፈልግ ተማሪም ሊወርሰው የሚገባው ይህንን ሁለተኛውን ክፍል ነው።

ስሙ ከየት መጣ?

“ፊልም ኗር” በፈረንሳይኛ “ጥቁር ፊልም” ማለት ነው። ስያሜው የታወቀው ኒኖ ፍራንክ የተባለው ሐያሲ በ1946 በፓሪስ ባወጣው ጽሑፍ ነው። ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን ተይዛ በነበረችባቸው ዓመታት የአሜሪካ ፊልሞች አይገቡም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ «ዘ ማልቲዝ ፋልከን»፣ «ሎራ» እና «ደብል ኢንደምኒቲ» በአንድ ሰሞን ፓሪስ ሲደርሱ፣ የተለመደው የሆሊውድ ፊልም ስሜቱ እንደ ጠቆረ ሐያስያኑ አስተዋሉ። በፊልሞቹ ውስጥ ወንጀለኛውና ንጹሑ በግልጽ አይለዩም፤ ፍትሕም ሁልጊዜ አያሸንፍም።

ስልቱ ሁለት ምንጮች አሉት። አንደኛው እንደ ዳሺየል ሃሜት፣ ሬይመንድ ቻንድለርና ጄምስ ኬን ያሉ አሜሪካውያን ደራስያን የጻፏቸው የወንጀል ልቦለዶች ናቸው። ሁለተኛው ከአውሮፓ የተሰደዱ ፊልም ሠሪዎች ይዘውት የመጡት እይታ ነው። ፍሪትዝ ላንግ፣ ሮበርት ሲዮድማክና ቢሊ ዋይልደር ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ከጀርመን ወጥተዋል። ሦስቱም በሥራ ያደጉት ጥላን የገጸ ባሕርይ ጭንቀት መግለጫ ባደረገው የጀርመን ሲኒማ ውስጥ ነበር። ቢሊ ዋይልደር አሜሪካ ደርሶ ሥራ ሲጀምር እናቱ አውሮፓ ቀርታ ነበር፤ በኋላም በናዚዎች ጭፍጨፋ ሕይወቷ አልፏል።

እጥረቱም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ከገባች በኋላ፣ በ1942፣ መንግሥት አንድ ፊልም ለመድረክ ግንባታ በሚያወጣው አዲስ ቁሳቁስ ላይ የ5 ሺህ ዶላር ጣሪያ ጣለ። የክፍሉ ግማሽ በጨለማ ከተሸፈነ ደግሞ ያንን ግማሽ መገንባት አያስፈልግም። በ1945 በኤድጋር ኡልመር የተሠራው «ዴቱር» የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። በፊልሙ ሁለት ፍቅረኛሞች በኒው ዮርክ ጎዳና ይሄዳሉ፤ ጎዳናው ግን የለም። የነበረው ጭጋግ፣ የመንገድ ስም የተጻፈበት ምልክትና የሁለቱ ድምፅ ነው። ተመልካቹ ቀሪውን በአእምሮው ይሞላዋል።

አንድ መብራት ምን ይሠራል?

በተለመደው የፊልም አሠራር አንድ ሰው በሦስት መብራቶች ይቀረጻል። ዋናው መብራት ፊቱን ያበራል፤ ሁለተኛው ዋናው የፈጠረውን ጥላ ያለዝባል፤ ሦስተኛው ከጀርባ ሆኖ ሰውየውን ከግድግዳው ይለየዋል። ፊልም ኗር ሁለተኛውን ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ያጠፋል። ያን ጊዜ የፊቱ ግማሽ ይጨልማል፤ የቀረው ግማሽም ምን እያሰበ እንደሆነ ለማወቅ ተመልካቹ ይጓጓል።

የመብራቱ አቀማመጥ ከመብራቱ ዋጋ ይበልጣል። ከፊት ለፊት የመጣ ብርሃን ሁሉን ያሳያል፤ ምሥጢርም አይተውም። ከጎን የመጣ ፊትን ለሁለት ይከፍላል። ከታች፣ ለምሳሌ ከከሰል ምድጃ፣ የመጣ ፊትን እንግዳ ያደርጋል። ከጀርባ ብቻ ሲመጣ ደግሞ ሰውየው ወደ ጥቁር ቅርጽ ይለወጣል። በ1955 የተሠራው የ«ዘ ቢግ ኮምቦ» የመጨረሻ ትዕይንት እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰዎች በጭጋግ ውስጥ እንደ ሁለት ጥቁር ቅርጾች ይታያሉ። ትዕይንቱን የቀረጸው ጆን አልተን «ፔይንቲንግ ዊዝ ላይት» በተሰኘው የ1949 መጽሐፉ የመብራት አጠቃቀምን ያስተማረ ባለሙያ ነው።

በኗር ፊልሞች ዘወትር የሚታየው ሌላው ምልክት በገጸ ባሕርይው ላይ የሚያርፍ የጥላ መስመር ነው። በአሜሪካ ይህ የሚገኘው በአግድም ከተደረደሩ የመስኮት መከለያዎች ነበር። በ«ደብል ኢንደምኒቲ» የፊልም ቀራጩ ጆን ሳይትዝ በመከለያው የሚገባው ጨረር እንዲታይ በአየሩ ላይ የአሉሚኒየም ብናኝ በትኗል። ነፍሰ ገዳዩ የመድን ሠራተኛ ገና ወንጀሉን ሳይፈጽም የእስር ቤት ፍርግርግ የተጋረደበት ያህል ይታያል።

ገዳሪፍና መተማ ላይ የአሜሪካን የመስኮት መከለያ መፈለግ አያስፈልግም። ከእንጨት የተሠራ አጥር፣ የራኩባ ሣር ጣሪያና በምስማር የተበሳ ቆርቆሮ ተመሳሳይ መስመርና ነጥብ ይጥላሉ። የአሉሚኒየም ብናኙን ሥራ የደረቁ ወራት አቧራ፣ የዕጣን ወይም የከሰል ጭስ ይሠራዋል። መብራቱ ከአጥሩ በራቀ መጠን መስመሮቹ ጥርት ይላሉ፤ በቀረበ መጠን ይደበዝዛሉ።

በፊልም ኗር ጎዳናዎች ብዙ ጊዜ እርጥብ ናቸው፤ ውሃው የመብራቱን ነጸብራቅ ይመልሳልና። በክረምት የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ይህን በነጻ ይሰጣል። በበጋ ግን ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር ለፊልም ሲባል መንገድ ማራስ ተገቢ አይደለም። የብረት ትሪ፣ የመስታወት ቁራጭ ወይም የመኪና ጣሪያ ለአንድ ቅርብ ቀረጻ የሚበቃ ነጸብራቅ ይሰጣሉ።

ጥቁር ቆዳና ጥቁር ጥላ

የሆሊውድ ኗር ስልት ለነጭ ተዋንያን የተቀመረ በመሆኑ እንዳለ ሲወሰድ ችግር ያመጣል። የኋላ ዘመን የቀለም ፊልሞችም እንዲሁ፣ የቀለም ልኬታቸው ለረጅም ጊዜ የሚስተካከለው የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ባለበት መለኪያ ካርድ ነበር። ጥቁር ቆዳ ያለውን ሰው ጥቁር ግድግዳ ፊት አቁሞ አንድ ደካማ መብራት መስጠት ምሥጢር አይፈጥርም፤ ሰውየውን ከፊልሙ ያጠፋዋል እንጂ።

መፍትሔው መብራቱን ማጠንከር ብቻ አይደለም። ጥቁር ቆዳ ብርሃንን በማንጸባረቅ ይታያል። ስለዚህ መብራቱን በቀጥታ ፊት ላይ ከመልቀቅ ይልቅ በነጭ ጀላቢያ፣ በነጠላ ወይም በኖራ ግድግዳ ላይ አሳርፎ ነጸብራቁን ከጎን መጠቀም ጉንጭን፣ ግንባርንና የአፍንጫን መስመር ያወጣል። ጥቂት ቫዝሊን ይህንን ያጎላዋል። ከሰውየው ጀርባ ያለው ግድግዳ ከፊቱ ትንሽ ብሩህ ከሆነ ደግሞ የራሱ ቅርጽ ከጨለማው ይለያል።

በጥቁርና ነጭ መቅረጽ የግድ አይደለም፤ ከተመረጠ ግን ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ሐረር ባደገችው ጄሲካ በሽር የተሠራው የ2021 ጥናታዊ ፊልም «ፋያ ዳዪ» ስለ ጫትና ስለ ወጣቶች የመሰደድ ሐሳብ የሚናገረው በጥቁርና ነጭ ነው። ፊልሙ ኗር ባይሆንም፣ ጭስ፣ ጨረርና የኢትዮጵያውያን ፊት ያለ ቀለም ምን ያህል ዝርዝር እንደሚይዙ ለተማሪ ያሳያል።

በስልክ ለሚቀርጽ ሰው ትልቁ እንቅፋት ስልኩ ራሱ ነው። ስልክ ጨለማን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊያርመው ይሞክራል፤ ጥላውን ያበራና ምስሉን በነጠብጣብ ይሞላዋል። በብዙ ስልኮች ላይ ጣትን በብሩሁ የፊት ክፍል ላይ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ የብርሃን መጠኑን ይቆልፋል፤ ከዚያም ወደ ታች በመጎተት ምስሉን ማጨለም ይቻላል። የሌሊት ቀረጻ ማሻሻያውን ማጥፋትም ይጠቅማል። አምፖል ሲርገበገብ ከታየ ደግሞ በሰከንድ 25 ምስሎች፣ የሹተር ፍጥነቱንም 1/50 አድርጎ መቅረጽ በሱዳንና በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ብዙውን ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል። የጄኔሬተር ኃይል ግን ስለሚዋዥቅ አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል።

የተንጋደደ ከተማ፣ የተሰነጠቀ ድንበር

ከኗር ፊልሞች ሁሉ ለድንበር አካባቢ የቀረቡት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በካሮል ሪድ የተሠራው የ1949 «ዘ ሰርድ ማን» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከጦርነቱ በኋላ አራት ኃያላን በተከፋፈሏት ቪየና ነው። ሃሪ ላይም የተባለው ሰው ከሆስፒታል የተሰረቀ ፔኒሲሊን እያቀጠነ በጥቁር ገበያ ይሸጣል፤ መድኃኒቱን የወሰዱ ሕፃናትም ይጎዳሉ። የፊልሙ ቀራጭ ሮበርት ክራስከር ካሜራውን ደጋግሞ ያጋድለዋል። በሮች፣ ደረጃዎችና የፈራረሱ ሕንፃዎች ቀጥ ብለው አይቆሙም። ማጋደሉ ለጌጥ አልገባም፤ መድኃኒት መግደያ በሆነበት ከተማ ቀጥ ያለ ነገር እንደሌለ ይናገራል። ክራስከር በዚህ ሥራው ኦስካር ተሸልሟል።

ሁለተኛው የኦርሰን ዌልስ የ1958 «ተች ኦፍ ኢቭል» ነው። ፊልሙ የሚጀምረው አንድ ሰው በመኪና ውስጥ ፈንጂ ሲያስቀምጥ ነው። ካሜራው ከሦስት ደቂቃ በላይ ሳይቋረጥ መኪናውን ተከትሎ የሜክሲኮን ድንበር ያቋርጣል። ፈንጂው በአንዱ አገር ተጠምዶ በሌላው ይፈነዳል። ምርመራውን የሚመራው የፖሊስ አዛዥ ጥፋተኛ ብሎ በጠረጠረው ሰው ላይ ማስረጃ ፈጥሮ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ፊልሙ ከፈንጂው ይልቅ ይህንን ዋና ጥያቄው ያደርገዋል።

መድኃኒት፣ ነዳጅና ሰሊጥ ድንበር የሚሻገሩበት፣ በመተማና በጋላባት መካከል የሚመላለስ ሰውም በሁለት ሕግ ሥር የሚያልፍበት አካባቢ እነዚህን ፊልሞች ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ተማሪው ግን አንድ ነገር ማስተዋል አለበት። በሁለቱም ፊልሞች ድንበሩ የጀርባ ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ታሪኩን የሚያንቀሳቅስ ኃይል ነው። ገጸ ባሕርይው ድንበሩን ሲያቋርጥ የሚያተርፈውና የሚያጣው ነገር ካልታወቀ፣ የኬላው ግንድ ሲነሣና ሲወርድ መቅረጽ ብቻውን ፊልም አያደርገውም።

ታሪኩ፦ አንድ የተሳሳተ ምርጫ

የኗር ታሪክ አጥንቱ ቀላል ነው። አንድ ተራ ሰው በፍላጎት፣ በችግር ወይም በፍርሃት አንድ የተሳሳተ ምርጫ ይመርጣል፤ ከዚያም ለመሸፈን የሚያደርገው ሁሉ ይበልጥ ያጠምደዋል። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ከመጨረሻው ይጀምራል። በ«ደብል ኢንደምኒቲ» የቆሰለው ሰው በመጀመሪያው ትዕይንት ድምፅ መቅጃ ፊት ተቀምጦ ጥፋቱን ይናዘዛል። ተመልካቹ “ማን ገደለ?” ብሎ አይጠይቅም፤ “እንዴት እዚህ ደረሰ?” ይላል። የሰውየው ተራኪ ድምፅም ኑዛዜ እንጂ ማብራሪያ አይደለም። ምስሉ ያሳየውን ደግሞ የሚናገር ተራኪ በተማሪዎች ፊልም ውስጥ ከሚታዩ የተለመዱ ድክመቶች አንዱ ነው።

ይህ አጥንት ለምሥራቅ ሱዳን እንግዳ አይደለም። በአካባቢው የሚነገረው የታጁጅና የማሐላቅ ታሪክ በብዙዎች አተራረክ የሚፈርሰው በአንድ ምርጫ ነው፤ ባል የሚስቱን ውበት ለሌላ ሰው ለማሳየት ይስማማል፤ እርሷም ፍቺ ትጠይቃለች፤ እርሱም በጸጸት ይንከራተታል። ከሱዳን ሲኒማ ፈር ቀዳጆች አንዱ የነበረው ጋዳላ ጉባራ ይህንን ታሪክ «ታጁጅ» በሚል ርዕስ ወደ ፊልም መልሶታል።

በዘመናችን ይበልጥ የቀረበው ምሳሌ የሱዳናዊው ሞሐመድ ኮርዶፋኒ «ጉድባይ ጁሊያ» ነው። በካርቱም የምትኖር ሞና የተባለች የሰሜን ሱዳን ሴት በመኪናዋ አንድ የደቡብ ሕፃን ገጭታ ትሸሻለች። የልጁ አባት ይከተላታል፤ ባሏም ተኩሶ ይገድለዋል። ሞና ከሟች ሚስት ከጁሊያ ጋር እውነቱን ደብቃ ትቀርባለች፤ በቤቷም ትቀጥራታለች። ፊልሙ በቀን ብርሃንና በቀለም የተሞላ ነው፤ ባርኔጣና ጭስ የለውም። ሆኖም የተደበቀ ወንጀል፣ የሚበላ ጸጸትና ሁልጊዜ ሊከፈት የተቃረበ ምሥጢር ተሸክሟል። ፊልሙ በግንቦት 2023፣ ጦርነቱ በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ በካን ፌስቲቫል ኦፊሴላዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የሱዳን ፊልም ሆኖ ታይቷል፤ ተሸልሟልም።

በአዲስ አበባም የሄርሞን ኃይላይ የ2015 ፊልም «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» ተመሳሳይ መንገድ ይሄዳል። አንድ የታክሲ ሹፌር በአንዲት ሴተኛ አዳሪና በቀድሞ ወዳጇ ጠብ መካከል ገብቶ ታክሲው ይሰረቃል፤ ሰውየው ሴቲቱን ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሊልካት ይፈልጋል። ምሽት፣ ዕዳና ደላላ ያሉበት ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከሎስ አንጀለስ መርማሪ ይልቅ የቅርብ ትምህርት ነው።

አጥፊ የምትባለው ሴት

ከኗር ልማዶች በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ወንዱን ወደ ጥፋት የምትመራው ቆንጆ ሴት ምስል ነው። በ«ደብል ኢንደምኒቲ» ባርባራ ስታንዊክ የተጫወተቻት ፊሊስ ባሏን ለማስገደል ፍቅርን ትጠቀማለች። ብዙ ሐያስያን ይህ ምስል ወንዶች በጦርነቱ ዘመን ወደ ሥራ ስለ ወጡ ሴቶች ያደረባቸውን ፍርሃት እንደሚያንጸባርቅ ጽፈዋል።

በሱዳን ከተሞች መንገድ ዳር ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች ብዙዎቹ ከጦርነትና ከድርቅ የሸሹ ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ናቸው። በስማቸው ላይ የሚወረወረው ሐሜት ከኗር ፊልም የቆየ ነው። አንድ ተማሪ ስልቱን ሳያስብ ቢገለብጠው፣ በሲጋራ ጭስ መሐል የተቀመጠችው አጥፊ ሴት የጎረቤቱ ሻይ ሻጭ ትሆናለች። ያን ጊዜ ፊልሙ ጥላ የሚጥለው በታሪኩ ላይ ሳይሆን በእውነተኛ ሰዎች ኑሮ ላይ ነው።

ስልቱን መገልበጥ የሚቻልበት መንገድ አለ። በታሪቅ ሳሌህ የ2017 ፊልም «ዘ ናይል ሂልተን ኢንሲደንት» በካይሮ ሆቴል የተፈጸመን ግድያ ያየችው ብቸኛ ምስክር ሳልዋ የተባለች ሱዳናዊት የሆቴል አጽጂ ናት። ከተማው ሁሉ በጉቦ በሚሠራበት ታሪክ ውስጥ እውነቱን የያዘችው ወረቀት የሌላት ስደተኛ ናት፤ አደጋውም የሚመጣው በእርሷ ላይ ነው። ሻይ ሻጯም ከመንገዱ ዳር ሆና የሚመጣውንና የሚሄደውን ሁሉ ታያለች። ታሪኩ ከእርሷ ዓይን ቢነገር ወጥመዱን የዘረጋው ማን እንደሆነ የመጠየቅ ዕድል ይከፈታል።

ድምፅ ለብቻው

ጨለማ ውስጥ ተመልካች ይበልጥ ያዳምጣል። «ዘ ሰርድ ማን» ሙሉ ኦርኬስትራ አልተጠቀመም፤ አንቶን ካራስ ዚተር በተባለው ባለ ክር መሣሪያ ብቻ የተጫወተው ሙዚቃ የከተማዋ መለያ ሆኖ ቀርቷል። ለተማሪ ፊልም አንድ ክራር ወይም አንድ ማሲንቆ ከኢንተርኔት ከተወሰደ የተንዛዛ ሙዚቃ ይሻላል።

የአካባቢው ድምፅም አለ። ሲሠራ የቆየ ጄኔሬተር በድንገት ሲቆም የሚፈጠረው ጸጥታ፣ በጠጠር ላይ የሚቀርብ የእግር ኮቴ፣ ከአጥር ማዶ የሚሰማ ያልተለየ ቋንቋ ማንም ሳይታይ ፍርሃትን ይገነባሉ። የስልክ ማይክ ከሩቅ ደካማ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ስልክ ተዋናዩ አጠገብ ደብቆ ድምፁን ለብቻ መቅዳት የፊልሙን ጥራት ከማንኛውም መብራት በላይ ሊያሻሽል ይችላል።

ጥላ እንደ መጠለያ

በጦርነት አካባቢ ካሜራ ማንሣት የራሱ አደጋ አለው። በኬላ ላይ የተያዘ ቀረጻ ቀራጩንም ተቀራጩንም ሊያስጠይቅ ይችላል። ድሮን በሚፈራበት ምሽት ጠንካራ መብራት መትከል ለጎረቤት ሁሉ ስጋት ነው። ወታደራዊ ስፍራዎችን፣ ድልድዮችንና ኬላዎችን ያለ ፈቃድ መቅረጽ በየትኛውም ወገን እንደ ስለላ ሊታይ ይችላል።

ፊልም ኗር እዚህ ላይ ያልታሰበ ጥቅም አለው። ፊቱ በጥላ የተሸፈነ፣ ከጀርባ ብቻ የበራ ወይም በግድግዳ ላይ ጥላው ብቻ የሚታይ ሰው ማንነቱ ሳይገለጥ ታሪኩን ሊናገር ይችላል። ይሁን እንጂ ጥላ ብቻውን በቂ መከላከያ አይደለም። ድምፅ፣ አረማመድ፣ ልብስና ከኋላ የሚታይ ቤት ሰውን ያሳውቃሉ፤ በኮምፒውተር የጨለመ ምስልም ተመልሶ ሊበራ ይችላል። ስለዚህ መሸፈን ያለበት ፊት በቀረጻው ጊዜ በእውነተኛ ጨለማ መሸፈን አለበት። በስልኩ የካሜራ ማስተካከያ ላይ የቦታ መረጃ መመዝገቢያውን ማጥፋትም የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ከሁሉ የተሻለው መንገድ ብዙ ጊዜ ታሪኩን በሌላ ሰውና በሌላ ቦታ መሥራት ነው። የ«ዘ ናይል ሂልተን ኢንሲደንት» አዘጋጆች ቀረጻ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት የግብፅ የጸጥታ ኃይሎች ስለከለከሏቸው ካይሮን በሞሮኮዋ ካዛብላንካ ፈጥረዋታል። በ2025 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የታየው «ካርቱም» የተሰኘው ጥናታዊ ፊልም ደግሞ የአምስት ነዋሪዎችን ሕይወት በስልክ መቅረጽ የጀመረው በከተማዋ ነበር። ጦርነቱ ሁሉንም ሲያሰድድ፣ ፊልም ሠሪዎቹና ባለታሪኮቹ ናይሮቢ ላይ በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ያለፉበትን ራሳቸው መልሰው ተጫወቱት። ከአምስቱ አንዷ ሻይ ሻጭ ናት።

የውጭን ስልት ለራስ ጥያቄ የማዋል ልማድ በሱዳን ሲኒማ ሥር ያለው ነው። ኢብራሂም ሻዳድ በምሥራቅ ጀርመን የፊልም ትምህርቱን ሲጨርስ በ1964 የሠራው «ሀንቲንግ ፓርቲ» የአሜሪካ የካውቦይ ፊልምን መልክ ወስዶ በጫካ ውስጥ የሚታደን ጥቁር ሰው ታሪክ አድርጎታል። ኮፍያውንና ፈረሱን ለማሳየት ሳይሆን ዘረኝነትን ለመመርመር ነበር። እርሱና ባልደረቦቹ በ1989 የሱዳን ፊልም ግሩፕን መሥርተዋል። ቡድኑ በዚያው ዓመት በመጣው ወታደራዊ አገዛዝ ሥር ሥራው ቢታገድም፣ አባላቱ ከአሥርት ዓመታት በኋላ በኦምዱርማን አንድ የተዘጋ ሲኒማ ለመክፈት ሲታገሉ የሚያሳየው «ቶኪንግ አባውት ትሪስ» በ2019 በበርሊን ተሸልሟል።

ለሦስት ደቂቃ ፊልም

ስልቱን ለመለማመድ ብዙ አያስፈልግም። አንድ ክፍል፣ አንድ መብራት፣ ሁለት ሰዎችና አንደኛው የሚደብቀው አንድ ነገር ይበቃሉ። የሚደበቀው ነገር የመድኃኒት ጥቅል፣ ደብዳቤ ወይም ከደላላ የተቀበለው ገንዘብ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቀረጻ መጨረሻውን ያሳያል፤ ቀሪው እንዴት እዚያ እንደተደረሰ ይነግራል። መብራቱ በታሪኩ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ቦታውን ይለውጥ፤ የሚለውጠውም እውነቱ ሲገለጥ ይሁን።

ከቀረጻው በፊት ተማሪው ለእያንዳንዱ ጥላ ምክንያት መጻፍ ይችላል። ይህ ጥላ ገጸ ባሕርይው የሚሸሽገውን ያሳያል? ወይስ ፊቱ መታየት የሌለበትን ሰው ይከልላል? ወይስ ያልተሠራውን ግድግዳ ይሸፍናል? ሦስቱም በኗር ታሪክ ውስጥ የነበሩ ተገቢ ምክንያቶች ናቸው። ምክንያት ያልተገኘለት ጥላ ካለ መብራቱን ከፍ አድርጎ ሰውየውን ማሳየት ይሻላል።